የአባዬ ጥርት ያለ ፎቶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

እታለሜ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ይህን ወረቀት ጀምሬ ቀድጄ፣ ደግሞ ጀመርኩት። እንደምን ሰነበትሽ? ሥራው እንዴት ይዞሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ስትደውዪ ምላሴ እየተሳሰረ «እሺ» ብቻ እንደምልሽ ታውቂያለሽ፤ በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው።

ስለ ፎቶዎቹ ልንገርሽ። «ስልኩን የላክሁልሽ የአባዬን ፊት እንዳይ ነው፤ የምትልኪልኝ ግን ጭጋግ ነው» ብለሽኝ ነበር። ባለፈው ደግሞ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ጥዬው ስለሄድኩ ተቀይሞኝ ፊቱን እያዞረብኝ ነው አይደል?» አልሽኝ። ያን ጊዜም «እሺ» አልኩሽ። ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

አባዬ የሚውለው ድሮ በሚሠራበት ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ብርሃን ዓይኑን እንደ መርፌ ስለሚወጋው ጥቁሩ መጋረጃ እንዲገለጥ አይፈልግም። ደንበኞቹን በሚያስቀምጥባት ወንበር ላይ፣ ቀለሙ የለቀቀው የሐይቅ ሥዕል ፊት ይቀመጣል። ከበሩ ሆኜ ሳየው የሚታየኝ ነጭ ሸሚዙ ብቻ ነው። ስልኩ ግን ሌላ ነገር ያያል። ካሜራው ላይ «የሌሊት» የሚለውን ስነካው «ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ» ይለኛል፤ ከዚያ ከየጥጉ ብርሃን ለቃቅሞ ክፍሉን ቀን ያስመስለዋል። አንቺም «ክፍሉ እንዴት ደስ የሚል ብርሃን አለው» ያልሽው ለዚህ ነው። እኔ ያንን ክፍል አላውቀውም። ሐይቁ ላይ ጀልባ መኖሯን እንኳ ያወቅኩት ከስልኩ ነው። አንዳንዴ ፎቶውን አይቼ ቀና ስል፣ ጨለማው ውስጥ እኔ የማላየው ሌላ ቤት ያለ ይመስለኛል።

የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ይቀልጥበታል። ወንበሩም ግድግዳውም ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ የአባዬ ፊት ግን ጭስ ይሆናል። እጁማ እንደምታውቂው መንቀጥቀጡን አይተውም። «አባዬ፣ ትንሽ ዝም በል» ስለው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን አትተንፍስ እያልኩ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ አሁን ተራው የኔ ሆነ? ስልክሽ ሆዳም ነው፤ ብርሃን እስኪጠግብ ማን ይጠብቀዋል?» ይልና ይስቃል።

ከዚያ ስላንቺ ይጀምራል። አንዱን ፎቶ ሳነሳው፣ ልጅ ሳለሽ ለፎቶ ቁጭ በይ ሲልሽ ከሐይቁ ሥዕል ጀርባ ተደብቀሽ እንዴት እንዳስቸገርሽው እየነገረኝ ነበር። ሌላውን ሳነሳው «አሁን ትመጣ ይሆን?» ብሎ አንገቱን አዞረ። ያዞረው ካንቺ አይደለም፣ እታለሜ። ወደ በሩ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤለት ገባሁ። «አባዬ፣ ዛሬ አንድ ጥሩ ላንሳህ» አልኩት። አልቀለደብኝም። እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል ብዬ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ስልኩ ጥርት አድርጎ አወጣው። የሸሚዙ ቁልፎች፣ የጢሙ ሽበት አንድ በአንድ፣ ጉልበቱ ላይ ያረፉት ጣቶቹ፣ ጥፍሮቹ ሳይቀሩ። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ ወደ በሩ ያያሉ። እጆቹን እንደዚህ አይቻቸው አላውቅም። እንደገና አነሳሁት። ደግሞም አነሳሁት። ፎቶዎቹን ባገላብጣቸው አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ።

አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ያዝኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከግድግዳው ማዶ ሆነው «አንቺ ዝምተኛ፣ የአባትሽ ሳቅ ዛሬ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሺ» አልኳቸው።

የዛሬውን ፎቶ አልክልሽም። የጭጋጎቹን ግን አደራ እንዳታጠፊያቸው። የሳቀው እነሱ ላይ ነው።

በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፤ የአባዬ ምርቃት አይለይሽ። ይህ ወረቀት ስልኩን ባመጣልን ሾፌር በኩል እስኪደርስሽ ድምፄን ቀድመሽ ትሰሚያለሽ። ዛሬን ግን እኔና አባዬ ብቻ እንሁን ብዬ ነው። ነገ ጠዋት መጋረጃውን እገልጠዋለሁ፤ ከእንግዲህ ብርሃኑ ዓይኑን የሚወጋው አይመስለኝም። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋን እጠራቸዋለሁ። ከዚያ እደውልልሻለሁ፤ «እሺ» ሳልል፣ ሁሉንም በራሴ አፍ እነግርሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ