ስለ ወይዘሮ ጌታነሽ ወልደ ጻድቅ ዕረፍትና ስለ ሕመማቸው ስም

መሐል ሜዳ፣ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት በከተማው ጤና ጣቢያ በተጀመረው የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ አርባ አንድ ሴቶች ተመዝግበው ነበር። እስከ ቀትር የተመረመሩት ስድስት ናቸው። ዘጠኝ ሴቶች በር ድረስ መጥተው ተመልሰዋል። ይህ መግለጫ ከዚህ ቁጥር የሚጀምረው ቁጥሩን ያሳነሰው ነገር ከማኅበራችን ሐዘን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው።

የመሐል ሜዳ የበግ ጸጉርና የባና ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር መሥራች አባሉንና የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢውን ወይዘሮ ጌታነሽ ወልደ ጻድቅን ሰኞ ኅዳር 15 ቀን በሞት አጥቷል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን ለአባላት፣ ለከተማውና ለአካባቢው ሕዝብ እንገልጻለን።

ወይዘሮ ጌታነሽ የተወለዱት በጓሳ አጠገብ፣ ገብስ ከሚያርሱና በግ ከሚያረቡ ቤተሰብ ነው። እናታቸው የፈተሉትን የበግ ጸጉር ይዘው ገበያ መውጣት የጀመሩት ገና በልጅነታቸው ሲሆን፣ በኋላ ከዚያው ጸጉር የሚሸመነውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ባና፣ እያስሠሩ እስከ ደብረ ብርሃን ይነግዱ ነበር። በገበያችን ለሦስት ዐሥርት ዓመታት የሸጡት ባና ቀዳዳ ተገኝቶበት ተመልሶ አያውቅም። ባናን የሚያዩት በዓይን ብቻ አልነበረም። መሬት ላይ ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርገው እየነዱ፣ ክሩ የሳሳበትንና የተቋጠረበትን ቦታ በጣታቸው ጫፍ ያገኙት ነበር።

በ2008 ዓ.ም. በግራ ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ። ከዓመት በላይ ለማንም አልተናገሩም፤ ጸበል ሲጠመቁ ቆይተው ሕመሙ ሲብስባቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ቀዶ ሕክምናና በደም ሥር የሚገባ የካንሰር መድኃኒት ተሰጣቸው። የዕጢው ዓይነት በላቦራቶሪ ከተለየ በኋላም ለዚያ ዓይነት ዕጢ የሚሆን፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። ባለሙያዎቹ ዘግይተው መምጣታቸውን አልሸሸጓቸውም። በዚያ ሕክምና ግን ሱቃቸውን ከፍተው፣ የልጅ ልጅ አሳድገው፣ ለዓመታት በመካከላችን ሠሩ።

በ2011 ዓ.ም. የጤና ኮሚቴውን አቋቋሙ። መጀመሪያ ምርመራውን ያስጀመሩት በገበያ ቀን፣ ከጨው ተራ አጠገብ በተተከለ ድንኳን ነበር። አማትም፣ አበ ልጅም፣ ጎረቤትም በዚያ ያልፋሉና አንዲት ሴት እንኳ አልገባችም። በሚቀጥለው ሳምንት በሱቃቸው የጓዳ ክፍል መጋረጃ ሰቅለው የጤና ጣቢያዋን ነርስ አስቀመጡ፤ ባና ለመግዛት የገባች ሴት ለምን እንደቆየች የሚጠይቅ አልነበረም። ደንበኛ ባናውን ገልብጣ ስትዳብስ ደግሞ፣ «ለዚህ ለብርድ ልብስ እንዲህ ከተጨነቅሽ፣ እትዬ፣ ጡትሽንስ መቼ ዳበስሽው? ቋጠሮ ካገኘሽ እኔ ጋ ሳይሆን ነርሷ ጋ ነው የምትሄጂው፤ እኔ የምመልሰው ባና ብቻ ነው» ይሏት ነበር።

የአጥቢያው አስተዳዳሪ አባ አትናቴዎስ በመጀመሪያው ዓመት፣ ምእመናን ጸበሉን ትተው እንዳይሄዱ ስለሠጉ ነገሩ አላስደሰታቸውም። ወይዘሮ ጌታነሽ፣ «አባቴ፣ ተጠምቀው ይምጡ፤ እኔም ተጠምቄ ነው ኪኒኔን የምውጠው» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ወዲህ አባ አትናቴዎስ ከቅዳሴ በኋላ የምርመራውን ቀን ራሳቸው ያውጃሉ።

በ2017 ዓ.ም. ልጃገረዶችን ከማሕፀን በር ካንሰር የሚከላከለው ክትባት በአንድ መርፌ መሰጠት ሲጀምር፣ ቤት ለቤት ዞረው እናቶችን አስረድተዋል። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ የመለሱት በክርክር አይደለም፤ የልጅ ልጃቸውን ቤተልን ሰው ሁሉ እያየ ከሰልፉ ፊት አቁመው አስከተቡ። ዘንድሮ ደግሞ ለማሕፀን በር ካንሰር ሴቲቱ ናሙናውን ከመጋረጃ ጀርባ ራሷ የምትወስድበት አዲስ ምርመራ እንዲመጣ ወትውተው አስፈቅደዋል። ዛሬ የተጀመረው እሱ ነው። ጅማሬውን ለማየት አልደረሱም።

አሁን ወደ ጠዋቱ ቁጥር እንመለስ። ሰኞ ዕለት ማኅበራችን በገበያው ግድግዳ ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ ወይዘሮ ጌታነሽ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» እንዳረፉ ጽፏል። በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክም እንዲሁ ነበር። በአካባቢያችን የዚህ በሽታ ስም በለቅሶ ላይ አይነሣም፤ እኛም ቤተሰቡን ያከበርን መስሎን በልማዱ ሄድን። ስሙን ባለመጥራታችን ግን ወሬ ቦታ አገኘ። ዛሬ ከጤና ጣቢያው በር የተመለሱት ሴቶች፣ «ደኅና ነበሩ፣ ምርመራው ነው የቀሰቀሰባቸው» ሲሉ ተሰምተዋል። አንዷም፣ «እሳቸውንስ መች አዳናቸው?» ብላለች።

ስለዚህ ቀድሞ የወጣውን ማስታወቂያ በዚህ እንተካዋለን። ወይዘሮ ጌታነሽ ያረፉት በጡት ካንሰር ነው። ሕመሙ ድንገተኛ አልነበረም፤ በ2016 ዓ.ም. ተመልሶ ወደ አጥንታቸው መዛመቱን እሳቸውም ቤተሰባቸውም ያውቁ ነበር። ምርመራ አልቀሰቀሰባቸውም። የጎዳቸው ሕመሙን የደበቁበት ጊዜ መሆኑን በሕይወት ሳሉ ደጋግመው ተናግረዋል። ቶሎ ለተገኘበት ሰው ዛሬ ያለው ሕክምና እሳቸው ካገኙት የተሻለ ዕድል ይሰጣል።

ይህን ከመጻፋችን በፊት የቤተሰቡን ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደን ነበር። ከሐዘንተኞቹ አንድ ሽማግሌ፣ «አፈሩ ሳይደርቅ ገበና ልታወጡ መጣችሁ?» ብለው ተቆጡ። የወይዘሮ ጌታነሽ ልጅ ወይዘሮ አመተሥላሴ ግን፣ «ጋሼ፣ እናቴ በጓዳዋ ለስንቱ ስትናገረው የኖረችው ነው። ጻፉት፤ ስሟንም ስሙንም ጻፉት» አሉ። ቀጥለውም እሳቸው ራሳቸው ተመርምረው እንደማያውቁ ነገሩን። እናታቸው ሲጎተጉቷቸው «ነገ፣ ነገ» እያሉ ማሳለፋቸውንም አልደበቁም።

ለወይዘሮ አመተሥላሴ፣ ለቤተልና ለመላው ቤተሰብ፣ ለጤና ኮሚቴው አባላት፣ አብረዋቸው ለሠሩት ነርሶች፣ በጓዳቸው ላለፉ ሴቶች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ዕቅፍ ያሳርፍ።

ነገ ቅዳሜ ምርመራው ይቀጥላል። ይህ መግለጫ በገበያው በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ የቀድሞው ማስታወቂያ ከግድግዳው ይነሣል። የማኅበሩ አይሱዙ በጓሳ መንገድ ያሉትን ሴቶች ለማምጣት ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሣል፤ ለብርዱ የሚሆን ባና ከወይዘሮ ጌታነሽ ሱቅ ይጫናል። ሾፌሩ አቶ ወዳጆ በመጀመሪያ በለቅሶው ቤት በኩል ያልፋሉ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ከሐዘን ምንጣፍ ተነሥተው ከፊት ወንበር ይሳፈራሉ፤ በጤና ጣቢያው ከመጋረጃው ጀርባ መጀመሪያ የሚገቡት እሳቸው ናቸው።