የአባትህ ድንጋይ

ናቩ፣ ሚሲሲፒ ዳር

ወንድም ሄበር፤

ለአባትህ መቃብር ያዘዝከኝን ድንጋይ አገኘሁት። አባትህ ከአሥር ቀን አንዱን ለቤተ መቅደሳችን ሲሠሩ፣ ከነቢዩ ጆሴፍ ስሚዝ ጎን ቆመው የጠረቡት፣ ምልክታቸው ያለበት ድንጋይ ዛሬ ከፈረሰው ቤተ መቅደስ ድንጋዮች በተሠራው፣ በወይን ጠማቂው በኮንራድ ጓዳ ግድግዳ ውስጥ ነው።

«አንተ ሞርሞን፣ አንድ ብርጭቆ ወይን ቅመስና እንዋዋል!» አለኝ ሽማግሌው።

«በሃይማኖታችን መጠጥ አንጠጣም፤ ዋጋህን ንገረኝ።»

«እናንተ ገነባችሁ፣ እኛ ጠጣንበት!» ብሎ ሳቀና ሊነቅለው መዶሻ አነሳ።

«ተው፣ አትንካው!» አልኩት።

ከዚህ ከተማ ተባርረን ስንሰደድ እናቶቻችን ወለሉን ጠርገው የወጡባቸው ቤቶች ሣር በቅሎባቸዋል። የአባቶቻችን እጅ ያረፈበት፣ ቆሞ ያገኘሁት ግድግዳ ይህ ብቻ ነው። ነጋዴ ብሆንም ላስፈርሰው አልቻልኩም። ባዶ እጄን እመጣለሁ፤ ከፈለግህ ተቆጣኝ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እህት ታቢታንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ።

አልማ