ፈረሰኞቹ ያረዱልህ በግ

ልጄ መርሻ፣ የረገጥኸውን ምድር ሁሉ እግዚአብሔር ሰላም ያድርግልህ፤ እመቤቴ ከፊትህ ትቅደም። እኔ ደህና ነኝ። ገብሱ ታጭዷል፤ ጥቁሯ ላምም ወልዳለች።

አብሮህ የተጓዘው ነጋዴ ዘውዱ ከመተማ ማዶ ተመልሶ፣ በቅሎህ በረሃ ላይ እንደሞተችብህ፣ የዚያ አገር እስላም ፈረሰኞችም አፈናጥጠው ቤታቸው እንዳስገቡህና በግ እንዳረዱልህ ነገረን። የእጮኛህ የትርንጎ አባት ይህን ሰምቶ በማግስቱ መጣ።

"ልጅሽ የእስላም ሥጋ በልቶ ከሆነ ከሃይማኖቱ ወጥቷል፤ ልጄን አልሰጥም" አለኝ።

ዘውዱ "እኔ በሶዬን ይዤ ውጭ ነበርሁ፤ ሽታውን እንጂ ጉርሻውን አላየሁም" ቢለው አልሳቀም። እስከ ጥምቀት መልስ ይጠብቃል።

እውነቱን ጻፍልኝ። በልተህ ከሆነ ከነፍስ አባታችን ፊት አብሬህ እቆማለሁ፤ ሠርጉ ከቀረ ይቅር፣ ዋሽተህ ግን አታገባም። ሳትበላ ቀርተህም ከሆነ "ሕጋችን ነው" ብለህ አስረዳቸው፤ ያረደልህን ሰው ዝም ብሎ መግፋት ነውር ነው።

የትርንጎን አባት "ልጄን በሕይወት ያቆዩልኝ እነሱ ናቸው" ብዬ ሸኘሁት።

አምላክ በደህና ይመልስህ። ፈረሱ ላይ ያፈናጠጠህን ሰው ስሙን ላክልኝ። ቄሱ በቅዳሴ አይጠሩትም፤ እኔ ግን ስጸልይ "ያ ሰው" ማለት አይበቃኝም።

እናትህ አበራሽ፣ ደብረ ታቦር