ልባም ሴት ያሉኝ ሰሞን

ኅዳር 7 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

የበጉ ጸጉር አልደረቀም። ትናንት ነው ያጠብኩት። ብርዱ ደግሞ ብሷል፤ ገብሱ ውርጭ ለብሶ አደረ። ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆነውን ማባዘት ጀምሬ ነበር፣ ትርንጎ ስታስል ተውኩት። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ሰውነቷ ይፋጃል። ወታደሮቹ ላማችንን ከነዱ ወዲህ ወተት የለም። አጥሚት አልቀበልም አለች።

ደብተሬ፣ አንቺ የመ/ር ነበርሽ። ባለቤቴን እንዲህ ልጻፈው፤ ብትገኚ ስሙ እንዳይገኝብሽ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ባዶሽን ትቶልኝ ሄደ። ለጣሊያን ሰዎች፣ አባቱን ሊያስታምም መንዝ ወርዷል ብለናል። ዱር መግባቱን የጽዋ ማኅበር እኅቶቼ ያውቃሉ። አያወሩም።

እሑድ አባ ወልደ ጻድቅ ስለ ልባም ሴት አስተማሩ። በእጇ የምትሠራ፣ ባሏ የሚታመንባት፣ ቤቷን የማታስነካ። ከዚያ በዓይናቸው ፈለጉኝና፣ ሩቅ አንሂድ፣ አስካለን እዩ አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ግን ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ይህን የምነግረው ላንቺ ብቻ ነው።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ።

ጠበል አጠጣኋት። ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም። ምንም የለም። ጠዋት ዓይኗ ሲገለበጥ አየሁ። ጮኼ ነበር መሰለኝ።

ዘነበችን በጓሮ ጠራኋት። አጥር ነው የሚለየን። ጠላ ትሸጣለች። ባሏ ማይጨው ቀርቷል። ወንዝ ወርዳ የጣሊያኖቹን ልብስ ታጥባለች፤ ምሽጋቸው ውስጥ ግን እግሯ ገብቶ አያውቅም። የማኅበሩ ሴቶች አይወዷትም። ሳቋ ከመንገድ ይሰማል። እኔም ከሰላምታ በላይ አላነጋግራትም ነበር።

ምሽጉ ውስጥ ሐኪም አለ ይባላል፣ እባክሽ ሂጂልኝ አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ራስሽ ለምን አትሄጂም አላለችኝም። ታውቃለች። የመ/ር ሚስት የጣሊያን ደጅ ስትጠና ታየች ይባላል። ልጅቱን ዳሰሰቻት፣ ከንፈሯን ነከሰች። ነገ ሚካኤል ነው፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ እገባለሁ አለች።

ኅዳር 12፣ እሑድ። ሚካኤል። ከቀኑ 6 ሰዓት።

መጣች። ሁለት ቆርቆሮ ወተት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን። ሐኪሙ ሽበታም ሽማግሌ ነው። የገዛ ልጁን ፎቶግራፍ አሳያት እንጂ ምንም አልጠየቃትም። ኪኒኑ እንዴት እንደሚሰጥ በጣቱ አስረዳት።

በደጃፍ ልትገባ ስትል፣ በጓሮ ዙሪ ብዬ ጠቀስኳት። ሳቀች።

«በጓሮም ቢመጣ ወተት ወተት ነው» አለች።

ትርንጎ ግማሽ ኩባያ ጠጣች። አላስመለሳትም።

ኅዳር 16፣ ኀሙስ።

ትናንት ጾመ ነቢያት ገባ። ትርንጎ ተነሥታለች፤ ዶሮ ታባርራለች። ተመስገን። ቆርቆሮዎቹን ጎመኑ ሥር ቀበርኳቸው።

ውኃ ልቀዳ ብወርድ ወሬው ቀድሞኛል። የእማማ ድንቄ ምራት እሑድ ዕለት ዘነበችን አይታታለች። በቅዳሴ ሰዓት፣ ከምሽጉ በር ስትወጣ፣ ብብቷ ሥር የሆነ ነገር ይዛ። እማማ ድንቄ የማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ ናቸው፤ እሳቸው ጋ የደረሰ ነገር አይመለስም። ኤልዛቤል አሏት። አንዷ፣ አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፣ ምን አየሽ አለችኝ። የፈትል ሥራዬ ጎረቤት አያሳየኝም አልኩ። አመሰገኑኝ። እሷ ሐሜት አታውቅም አሉ። እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ። ጽዮን።

እንዲሁ ልጻፈው።

ማኅበሩ እማማ ድንቄ ቤት ነበር። አባ ጸሎት አድርሰው ስለ ሁለት ሴቶች ተናገሩ፤ አንዷ ቤቷን ትሠራለች፣ አንዷ በገዛ እጇ ታፈርሰዋለች። ማንን እንደሚሉ ሁሉም ያውቃል። ዘነበች በር አጠገብ ተቀምጣለች። ሁልጊዜም ቦታዋ እዚያ ነው።

እማማ ድንቄ በስሟ ጠሯት። ምሽግ ገብተሻል? ገብቻለሁ አለች። ምን ልታደርጊ? ለታመመ ልጅ መድኃኒት ልለምን።

«የማን ልጅ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ትነግራለች ብዬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። አልነገረችም። «የሰው ልጅ» አለች።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። ልጄ አስካለ፣ አንቺ አትዋሺም፣ በመንደራችሁ የታመመ ልጅ ነበር ወይ አሉኝ።

«አላውቅም አባቴ።»

ይኸው ነው። ሦስት ቃል አይሞላም። ትርንጎ ቀሚሴን ይዛ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ዳቦ እየገመጠች።

ዘነበችን ጽዋችንን አትቅመሺ አሏት። ነጠላዋን አራግፋ ወጣች። አላለቀሰችም። ዳቦውን እንድቆርስላቸው ሰጡኝ፤ ለሙሴዋ የሚሰጥ ክብር ነው። ቆረስኩ። አደልኩ። በላሁ።

ኅዳር 23፣ ኀሙስ።

ለመ/ር ስም ብዬ ነው እያልኩ ሁለት ቀን ራሴን አባበልኩ። ውሸት ነው። ፍርሃትም ነበረ፣ አዎ። ግን የበለጠው ያ የስብከቱ እሑድ ነው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ዕለት። ያን አስተያየታቸውን እንዳላጣ ነው።

የሱሳናን ታሪክ አነበብኩ። አባቴ ንባብ ሲያስተምረኝ ከሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሐሰት ስሟን ሲያጠፏት አለቅስ ነበር፤ ሱሳና እኔ ነበርኩ። ዛሬ ባነበው ሽማግሌዎቹን ሆኜ ተገኘሁ። እነሱ ያላዩትን አየን አሉ። እኔ ያየሁትን አላውቅም አልኩ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

የዘነበችን ጠላ ማንም አይጠጣም። አጥሯ ላይ እበት ለጥፈውበታል።

ኅዳር 29፣ ረቡዕ። ከሰዓት።

ከእነዋሪ የመጣ ሰው። ጸጉር ሻጭ ነኝ ብሎ ገባ፤ የመ/ር ባልደረባ ነው። መ/ር ደኅና ነው፣ እግሩን ቆስሎ ድኗል። አለቀስኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምሽግ የምትመላለስ አንዲት ጠላ ሻጭ አለች አሉ፣ ጎረቤትሽ ናት፣ እውነት ከሆነ ፀጉሯ ተላጭቶ ትገረፋለች፣ አለቆቻችን ያንቺን ቃል ያምናሉ አለኝ።

ያንቺን ቃል።

«የታመመችው የእኔ ልጅ ናት» አልኩ። «የላክኋትም እኔ ነኝ። የሚገረፍ ካለ ይኸው ጀርባዬ።»

ትርንጎን አያት። ይህን ለባልሽ ልንገረው ወይ አለ። ንገረው አልኩ። ጸጉሩን ትቶልኝ ሄደ።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ።

አባ ዘንድ ንስሐ ገባሁ። ሁሉን ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ ለእኔ ያዘኑ መሰለኝ፣ ወይ ለስብከታቸው። መቶ ስግደት ሰጡኝ። ነገሩ በእኛ መካከል ይቅር፣ ያንቺ ስም ቢወድቅ ብዙ ደካሞች ይሰናከላሉ አሉ። ዘነበችስ አልኳቸው። እግዚአብሔር ያውቃታል አሉኝ።

ስግደቱን ሰገድኩ። ወገቤን አመመኝ፤ ሌላ ምንም አልተለወጠም።

ታኅሣሥ 17፣ እሑድ።

ዘነበች ጋኖቿን ሸጠች። አንኮበር ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ነው። ሳልጠራ ገባሁ። ዕቃዋን በቁርበት ታስራለች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዘችኝ፣ በጥብቅ፣ እስኪያመኝ።

ሐሙስ ማኅበር ፊት እናገራለሁ አልኳት።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ዘግይተሻል» አለች። «ለራስሽ ብለሽ ከሆነ እኔን ምስክር አትጥሪኝ።»

ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም አልኳት። ስትናገሪ እጠብቅ ነበር አለች። ትርንጎን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። ከጭነት አህዮች ጋር ሄደች። ዞራ አላየችም፤ እኔ ግን እስክትሰወር ቆምኩ።

ታኅሣሥ 21፣ ኀሙስ። 10 ሰዓት።

ከማኅበር አሁን ገባሁ። ነጠላዬን አላወለቅሁም።

ተናገርኩ። ቆሜ፣ አባም ባሉበት። ልጅቷ የማን እንደነበረች፣ ዘነበችን ማን እንደላካት፣ በጓሮ እንዳስገባኋት፣ ተጠይቄ እንደካድኩ። ይተፉብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተመኝቼውም ነበር።

እማማ ድንቄ እንባቸውን ጠረጉ። ተነሥተው አቀፉኝ። ልባም ሴት ማለት ይህች ናት፣ በደሏን በሰው ፊት የምትናገር፣ ማናችን ይህን እናደርጋለን አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እልል! አባ አንገታቸውን ደፉ። ስለ ዘነበች አንድም ሰው አላነሣም። በር አጠገብ ቦታዋ ላይ የእማማ ድንቄ ምራት ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች።

ከዚህ የባሰ እፍረት አላየሁም። ክህደቴ ክብር ሰጠኝ፤ መናዘዜ ደግሞ ጨመረልኝ።

ጽዋውን አቀረቡልኝ። አልተቀበልኩም። ዘነበችን ልካችሁ ይቅርታ ጠይቃችሁ እስክትመልሱ አልቀምስም አልኩ። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ። እማማ ድንቄ፣ እሷ እኮ ድሮም ሳቋ… ብለው ጀመሩ። አቋረጥኳቸው። በሕይወቴ ትልቅ ሰው አቋርጬ አላውቅም። እንግዲህ እንደ ወደድሽ፣ ቦታሽን የሚፈልግ ሞልቷል አሉኝ። ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም።

ነገ በጨለማ ተደብቄ አልሄድም፤ ፀሐይ ሲወጣ፣ ሰው እያየኝ፣ ትርንጎን አዝዬ አንኮበር እወርዳለሁ። የጨረስኩትን ባና ለወንድሟ ቤት እወስዳለሁ። ሐሜቱ እዚያም ደርሷል ይላሉ፤ ወንድሟም አኩርፏታል። ዘነበች ብታባርረኝ ልክ ናት። መንገዱ ላይ ቆሜ ለወንድሟና ለጎረቤቶቿ፣ የታመመችው ልጅ ይህች ናት እላለሁ። እሷን አዝዬ ነው የምነግራቸው። ካላመኑኝ ከነገ ወዲያም እደግመዋለሁ። ካልሰሙኝ ደግሞ እስኪሰሙኝ ዘነበች ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ።