ስለ ስድስተኛው አባላችንና ስለ በሬዬ ስለ ቦራ

ለተከበሩ የወረዳችን የአዲስ ቴክኖሎጂ ማላመድ ኃላፊ፣

ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ልጆችዎ፣ ከብትዎ፣ ወንበርዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ክረምቱ ከገባ ወዲህ እኛ ሠፈር ወርደው ስላላየንዎት ጫማዎን ጭቃ ሳይነካው መክረሙን እናምናለን፤ ለዚህም ፈጣሪን እናመሰግናለን። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ገበሬ ነኝ፤ የሚጽፉልኝ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ናቸው። እርሳቸው ቃሉን ያለዝቡታል፣ እኔ መልሼ አጠነክረዋለሁ፤ የሚጎረብጥ ነገር ካገኙ እንግዲህ የእኔ ነው። ደብዳቤው በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውም እህል ሊያስፈጭ የሚመጣ ሁሉ ምስጋናችንን እንዲሰማ ነው።

አንደኛ፣ አባላችን ተስፋው ሲሞትብን የአንድ ለአምስት ቡድናችን ሰው ጎደለው። እርስዎም ለሐዘናችን አዝነው፣ አርባው ሳይወጣ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩትን ራሱን የሚነዳ ማረሻ አመጡልን። ሮቦት ይሉታል፤ አማርኛም ይናገራል። በሟቹ ቦታ ስድስተኛ አባል ተብሎ ተመዘገበና ስም ሲጠራ «አለሁ» ይላል። ተስፋው በዕድሜው አንድ ቀን ለስብሰባ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፤ በዚህ በኩል ማሽንዎ ይበልጠዋል። ዳሩ ግን ተስፋው ሲዘገይ እንሰድበው ነበር፤ እየሰደብነው እንስቃለን፣ እየሳቅን ሥራው ያልቃል። ማሽኑን ማን ይሰድበዋል? የቡድናችን ነገረኛ አቻምየለሽ አንድ ቀን ሞክራ «አንተ ቆርቆሮ፣ እናትህ ባልዲ ናት እንዴ?» ብትለው «ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ» አላት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ስድብ ትታለች።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ማመስገን ያውቃል፤ መነሻውን መስመር ያስያዘው ሰው ትልሙ ቀጥ ሲልለት «ጎበዝ ይርሳው!» ይላል። ይርሳው ጎረቤቴ ነው፤ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው። አሁን ይህችን ቃል ፍለጋ ከማሽኑ ጎን አይጠፋም። «ትልምህ ተጣሟል» ስለው «እሱ ጎበዝ ብሎኛል» ብሎ ይመልስልኛል።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ በተሳሳተ ቁጥር «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» እንዲል ተምሯል። ተማሪዎቹ እንደ ነገሩን እሱ ይቅርታ ሲል እኛም እየሰማን ይቅርታ ማለት እንለምዳለን። መልካም ሐሳብ ነበር። እኛ የለመድነው ግን ሌላ ነው። ግምገማ ስንቀመጥ አጥሩን ያፈረሰው ማሽኑ፣ ቦዩን የደፈነው ማሽኑ፣ ላሟን ማሳ ያስገባው ማሽኑ ሆነ፤ እሱም ሁሉን ይቀበላል። የግለ ሂስ ሰው እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። በሪፖርትዎ ላይ የቡድኑ ጠብ ቀንሷል ብለው ማስጻፍዎን ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው። ካልተነጋገሩ ጠብ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እኔ ቦራ የሚባል አንድ በሬ አለኝ፤ ይርሳው ዳማ የሚባል አንድ በሬ ነበረው። አሥራ አንድ ክረምት አቀናጅተን አርሰናል፤ አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለእኔ። ማሽኑ የእሱን ሜዳ ማረስ ሲጀምር ግን ይርሳው ለእኔ ሳይነግረኝ ግንቦት ላይ ዳማን ቡሬ ገበያ አውርዶ ሸጠው። የእኔ ማሳ ከወንዙ ማዶ፣ ዳገትና ድንጋይ ላይ ነው፤ ማሽንዎ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ተመልሷል። ስለ ዳማ ይርሳውን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «ጥፋቱ የማሽኑ ነው» አለኝ። ማሽኑም ከአጠገቡ ቆሞ ኖሮ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። ከባልንጀራዬ አፍ የምጠብቀውን ቃል ቆርቆሮ ነጠቀኝ።

ጌታው፣ ጤፍ ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ ማሳዬ ገና ሁለተኛውን እርሻ አላየም። እርዳታ አልለምንም፤ ለምኜም አላውቅ። የወሰዱብኝን የበሬዬን አቻ ከነባለቤቱ ይመልሱልኝ።

ትልምዎ ይቅና፣ ወንበርዎም እንደ እኔ ማሳ ጦም አይደር እያልሁ፣ ለደረሰልን ልማት ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ከዚያ በላይ ማጎንበስ ጉልበቴ እንቢ ይላል።

ገብረሰንበት ስሜነህ፣ በጣት አሻራ
ሰኔ 2009 ዓ.ም.

የተረሳች ነገር፦ ስድስተኛው አባላችን ከማክሰኞ ጀምሮ በወንዙ ዳር ረግረግ ውስጥ እስከ ሆዱ ሰምጧል። ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል ውሎ ዝም አለ። ትናንት ይርሳው ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጄ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማሽኑን የሚስብ በሬ ለመነኝ። ቦራን አልከለከልሁትም፤ ቀንበሩንም አውጥቼ አሳየሁት። በቀንበሩ በአንደኛው ጫፍ ቦራ ይገባል፤ ባዶውን ጫፍ ማን እንደሚሸከመው ግምገማ ተቀምጠው ይወስኑልን።