የአባባ ገላ ነጭ ግድግዳ ላይ

ጥቅምት 8፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ ስንት ሹካ በእጄ እንዳለፈ እንጃ፣ ወገቤ ግን ያውቀዋል። ስመለስ ጎመን ገዝቼ በጨው አሸሁት፣ እንዲኮመጥጥ ድንጋይ ጫንኩበት። ከዚያ የፖስታ ሳጥኑን ከፈትኩ።

ካርድ። ከቶኪዮ። የቴጹሄ የፎቶ ኤግዚቢሽን፦ «አባት፣ የመጨረሻው ክረምት»።

ካርዱ ላይ አባባ ራቁቱን ነው። ገንዳ ውስጥ። ቀና ብሏል፣ አፉ ተከፍቷል፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። በብብቱ ስር ሁለት እጆች ገብተዋል። የኔ ናቸው። ማሽን ያጣመመውን ጣቴን አላጣውም...

ቴጹሄ ወንድሜ ነው። አንድ ያለኝ። አልደወለም። አልጠየቀም። «መጥተሽ እዪ» የሚል እንኳ በእጁ አልጻፈበትም።

አባባ እኮ ሳጥበው ነርሷን እንኳ ያስወጣ ነበር። አርባ ዓመት ማንኪያ ሲወለውል ኖሮ፣ የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ፎጣውን ከወገቡ የማይለቅ ሰው!

ከመሞቱ በፊት፣ ይህ ፎቶ የተነሳ ቀን፣ ምን እንዳለ አልረሳሁም። «በቃ፣ አታንሳ።» በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እራት አልበላሁም።

ጥቅምት 9

ደወልኩለት።

«እትዬ! ካርዱ ደረሰሽ?» ደስ ብሎታል ጭራሽ!

«ደረሰኝ። አባባን ልብስ እንኳ ሳታለብሰው በፖስታ ላክኸው።»

ሳቅ ቢጤ። «ከሥራዎቼ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሙዚየም ሊገዛው ጠይቆታል። ፊቱ ቆመሽ ስታዪው ይገባሻል።»

«አራት ዓመት ፊቱ ቆሜያለሁ። አንተ በወር አንድ እሁድ ነበር የምትመጣው፤ እሱንም ካሜራህ ላይ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የጥበብ ጉዳይ...»

ዘጋሁበት። ጥበብ! የአባባን የሽንት ጨርቅ ማጠብስ ምን ይባላል?

ጥቅምት 13፣ እሁድ

ጎረቤቴ እማማ ቶሚዮ ጋዜጣ ይዘው መጡ። «አባትሽ ወጥተውልሻል» አሉኝ። ያው ፎቶ ነው። ሲያሳዩኝ አውራ ጣታቸውን ወገቡ ላይ ጭነዋል። ነውሩን ሸፍነውለት። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ማንም አላስተማራቸውም...

ጽሑፉን አነበብኩት። «ስሟ ያልታወቀ ነርስ እጆች፣ ቀዝቃዛ እና ግዴለሽ» ይላል። ቀዝቃዛ! ውሃውን በክርኔ እየለካሁ ነበር የማጥበው!

«ኪኑኤ፣ ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን ዝም ያሰኝሻል?»

ምን ዝም ያሰኘኛል?

ጥቅምት 19፣ ቅዳሜ

ፋብሪካውን አስፈቅጄ በጠዋቱ ባቡር ቶኪዮ ገባሁ። ጋለሪው ከብስክሌት ቤት በላይ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች፣ ሁሉም ያንሾካሹካሉ። ለቅሶ ቤት ይመስላል፣ ሐዘንተኛ ግን የለበትም።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያነበዋል። ሌሎቹ ፎቶዎች ያምራሉ። አባባ ፖም ሲልጥ፣ ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ ጉልበቱ ወርዶ... እዚያ ጋ አለቀስኩ። በማልቀሴ ይበልጥ ተናደድኩ።

ከዚያ የገንዳው። ከኔ ቁመት ይበልጣል። አንድ ወጣት ለጓደኛው «ሞትን ቀና ብሎ ሲያየው ነው» እያለ ያስረዳታል። ምን ታውቃለህ አንተ!

የጋለሪው ባለቤት ወይዘሮ ኩጂራይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። «የፎቶ አንሺው ወዳጅ ነዎት?»

«እጆቹ ነኝ» አልኳት።

ጣቴን አየች፣ ግድግዳውን አየች። «እንዴት ያለ ዕድል ነው!» አለች። ዕድል!

ከሰዓት በኋላ ቴጹሄ ለታዳሚው ስለ ሥራው ተናገረ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር፣ አላየኝም። አንድ ሽማግሌ ጠየቁት፦ «አባትዎ ፈቅደው ነበር?»

«አባቴ ምንም አላሉም። ዝምታቸው ፈቃድ ነበር።»

ተነሳሁ። «አታንሳ ብሏል! አንተም ሰምተሃል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ይዤው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

የቴጹሄ ፊት... በልጅነቱ የጎረቤት መስኮት ሰብሮ የተያዘ ቀን እንዲህ ነበር። መልሱን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ጥቅምት 20

በሰው ፊት አዋረድኩት። ደስ ብሎኛል? አዎ። ትንሽም አይደለም።

ጥቅምት 24፣ ሐሙስ

ከሥራ ስመለስ ቴጹሄን ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዝናብ አበስብሶታል። ልብሴን ቀይሬ እስክጨርስ እዚያው አቆየሁት።

«ሰምቼው ነበር» አለ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ። «አታንሳ ሲል ጣቴ ቀድሞ ነበር እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። አልቀደመም። ከተናገረ በኋላ ነው ያነሳሁት።»

«ለምን?»

«ሞትን አይደለም ያየው። ቀና ብሎ አንቺን እያየ ነበር። እኔን አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አላየኝም። ያንን ዓይን ፈለግሁት።»

ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲያውም ጋለ።

«ስለዚህ ሰረቅኸው?»

«ሰረቅሁት።»

«እንግዲያው አውርደው።»

«ኩጂራይ እሺ አትልም፣ እትዬ። ሙዚየሙም...»

«ነገ አውርደው፣ ቴጹሄ! አለዚያ እኔው መጥቼ አወርደዋለሁ። ከባድ ነገር መሸከም ለምጃለሁ።»

ሻይ እንኳ አልሰጠሁትም።

ጥቅምት 28፣ ሰኞ

ደወለ። አውርዶታል። ኩጂራይ ሠራተኞቿ ፊት «ጀማሪ» ብላ ሰድባዋለች፣ ለጸደይ ያሰበችለትንም ኤግዚቢሽን ሰርዛበታለች። ሙዚየሙም ቀርቷል። ላዝንለት ይገባ ነበር?... አላዘንኩም።

«የፎቶው ፊልምስ?» አልኩት።

«እኔ ጋ ነው። ምን ላድርገው?»

«ይዘኸው ና።»

ኅዳር 4፣ እሁድ

ፊልሙንም፣ ያንንም ግዙፍ ፎቶ ጠቅልሎ፣ በባቡር ተሸክሞ መጣ። ካሜራ አልያዘም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶበት ነበር።

ወለሉ ላይ ዘረጋነው። ተንበርክኬ አየሁት። ቴጹሄ አልዋሸም። አባባ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ወደ ላይ፣ ወደኔ ነው የሚያየው። እኔ ያን ጊዜ እንዳያዳልጠው እግሩን ነበር የማየው። እንዲህ ሲያየኝ... አላየሁትም። አራት ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ አምልጦኝ ይሆን?

ላስቀረው ፈለግሁ። ክፉኛ ፈለግሁ።

«አስቀሪው፣ እትዬ። ላንቺ ብቻ። ማንም አያየውም።»

«አታንሳ ብሏል» አልኩ።

ፊልሙን በመቀስ ቆራረጥኩት። ፎቶውን ጓሮ ወስደን ቆርቆሮ ውስጥ አቃጠልነው። ጭሱ ክፉ ነው። እማማ ቶሚዮ ብቅ ብለው አዩን፣ መስኮታቸውን ዘጉ። ቴጹሄ አለቀሰ። አላባበልኩትም።

ሊሄድ ጫማውን እያሰረ፣ «እንዴት ነበር የምታጥቢው?» አለኝ። አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም! ልጮህበት አፌን ከፍቼ... ነገርኩት። መጀመሪያ እግሩን፣ ብርድ ከእግር ነው የሚገባው። ቀጥሎ ጀርባውን። ከጆሮው ኋላ ስትነካው እንደ ሕፃን ይንፈቀፈቅ እንደነበር። አንዱን ጫማ እንዳሰረ፣ ሌላውን እንደያዘ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ባቡሩ አመለጠው።

«የፊታችን እሁድ ልምጣ?»

«ባዶ እጅህን ና።»

አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። አባባ አልፈቀደም፣ እሱ አንስቷል፣ ይሄ አይቃጠልም። ቅዳሜ ግን ዓሣ ለሁለት ሰው እገዛለሁ።