እጇ የቆመበት ቅርጫት

ማክሰኞ ሐምሌ 8፣ ጠዋት 2፡30
ዝናብ። የሜድስቶን ባስ ዘገየ፣ ያራቪል ሰፈር የደረስኩት በስብሼ ነው። የምንከባከባቸው እትዬ ጆይስ ሆስፒታል ከገቡ ስድስተኛ ቀናቸው። ሳንባቸው ነው። ሺፍቴ ግን ካንስል አልተደረገም፤ ባይኖሩም ቤታቸውን አጽጂ ተብያለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ አንቲ ይላቸዋል፣ እኔ እትዬ። ያው ነው። የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ናቸው፣ ከነጮቹ በፊት የነበረው። ወንዝ ዳር ሣር እየለቀሙ ቅርጫት ይሰፋሉ፤ ሙዚየም የገባ ሥራ አላቸው። ከአንድ ቦታ ጥቂት ብቻ፣ ሥሩን ሳይነኩ። አብሬያቸው ለቅሜ አውቃለሁ፣ እኔም አክርማ ስሰፋ ያደግኩ ነኝ።

መደርደሪያው ላይ ጅምር ቅርጫት አለ። አፉ አልተዘጋም፣ አቧራ ጠጥቷል። እናቴ ብታየው ጅምር ስፌት የሰነፍ ሴት ነው ባለች።

ሐሙስ ሐምሌ 10፣ ከሰዓት 9፡00
ጨረስኩት! ሣር ዘፍዝፌ፣ በወስፌ እየወጋሁ፣ አፉን ዘጋሁት። ሦስት ሰዓት ፈጀ። የእኔ ስፌት ጠበቅ ይላል፣ ግን ያምራል። ሲመለሱ ደስ ይላቸዋል። ማስታወሻዬ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ኮራሁ።

ቅዳሜ ሐምሌ 12
ታራ መጣች፣ የእህታቸው ልጅ። ቅርጫቱን አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማን ነካው አለች። እኔ አልኩ፣ ፈገግ ብዬ! ምነው አፌን በቆረጠው።

ቅርጫቱ የእናቷ ነው። መጋቢት ላይ ሞታለች። የሟች ስም አይጠሩም፣ እኔም አልጽፈውም። እጇ የቆመበት ሳይነካ እንዲቆይ ነበር የተቀመጠው። እትዬ ጆይስ ሲሻላቸው ታራን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ልጅቱን ከእናቷ መጨረሻ ስፌት ሊያስቀጥሏት ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት፤ መሀላቸው ገባሁ።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቅርጫቱን መደርደሪያው ላይ መልሳ ወጣች።

ሰኞ ሐምሌ 14
ልፈታው ሞከርኩ። ደብቄ፣ እንደ ሌባ። ሁለት ዙር ተፈታ። ሦስተኛው ላይ የእኔ ሣር የሟቿን ወግቶ ገብቷል። ስስበው የእሷ ተሰነጠቀ።

ልጄ ጋ ደወልኩ። ቅርጫት እኮ ነው ማም፣ አለችኝ በእንግሊዝኛ። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ምሳ አልበላሁም። ራሴን ጠላሁት።

ማክሰኞ ሐምሌ 15፣ ጠዋት 3፡00
ታራ ደወለች። እትዬ ጆይስ ብሶባቸዋል፣ ዶክተሮቹ ተስፋ አልሰጡም። ቅርጫቱን ይፈልጋሉ፣ ታራን ዛሬውኑ አልጋቸው ላይ ሆነው ሊያስጀምሯት። የነገራቸው ሰው የለም። ታራ እኔ አልነግራቸውም አለች፣ አንቺ አምጪው።

ምንም ሳልናገር በፌስታል ጠቅልዬ ልሰጣቸው አሰብኩ። ተውኩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ላያዩት ይችላሉ። ጣታቸው ግን የእህታቸውን ስፌት ከሌላ ሰው ይለያል።

እጃቸው ሳይነካው እነግራቸዋለሁ።